ያላየናት ሁለተኛ ከተማ

ጋሽ ሰይድ መሞቱን የሰማሁት ኡራኤል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ድሮ ቢሮ አብራን የነበረች ልጅ ደውላ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ልጆቿ ስታወራኝ ከቆየች በኋላ፣ "ሰይድ እኮ አረፈ፣ ሳምንት ሆነው፤ አልሰማሽም እንዴ?" አለችኝ። አልሰማሁም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብሬ ተንቀሳቀስኩ፤ ታክሲው ሲመጣ ገብቼ ተቀመጥኩ። ነገሩ የገባኝ ቂርቆስ ቤቴ ደርሼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ሞት ስሰማ ከእንባ በፊት የሚመጣብኝ ድካም ነው። ያን ቀን ማታ እራትም አልሠራሁም፣ በቃ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ሰይድ ማን ነው ለምትሉኝ፣ ሰው ይዞ ውጭ አገር የሚያስጎበኝ ሰው ነበር። ካዛንቺስ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ጎን ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ የጉዞ ቢሮ ነበረች፤ እዚያ ነው የሚሠራው። እኔ ምድር ቤቱ ላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ እሠራ ነበር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ መተየብ የተማርኩት ሌላ ሰው ሲተይብ ከጀርባ ቆሜ እያየሁ ነው። ጋሽ ሰይድ የጉዞውን ፕሮግራም በእጁ ጽፎ ያወርድልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። ባንኮክ አራት ቀን፣ ኳላ ላምፑር አራት ቀን። ቀን አንድ አቀባበልና ዕረፍት፣ ቀን ሁለት ቤተ መቅደሶችና የወንዝ ጀልባ። ሁለቱን ከተሞች ሳላያቸው በቃሌ እወጣቸው ነበር።

ወሎ፣ ከሚሴ አካባቢ ተወልዶ፣ ጉልምስናውን ጅዳ በሹፌርነት ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። ረጅም ነው፤ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ያቺን ቡናማ ጃኬቱን የማያወልቅ። ከቦርሳው በሶና ዳቦ ቆሎ አይጠፋም፤ የሰው አገር ምግብ አልዋጥ ብሎት የሚቸገር መንገደኛ ሁልጊዜ አለ ይላል። ሰው መቁጠር አይወድም። አውቶቡስ ላይ ሰው መሙላቱን የሚያረጋግጠው ሙስበሃውን፣ ያቺን የዶቃ መቁጠሪያውን ይዞ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ፍሬ እየገፋ፣ ስሙን በልቡ እየጠራ ነው። ፍሬዋ ቆማ ከቀረች አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው። የሚቸኩል ሰው ሲያይ ደግሞ፣ "ቀስ በሉ፣ ከተማው የትም አይሄድም" ይላል። የኛ ካዛንቺስ ግን ሄደ። ፎቁም፣ የኔም ሱቅ፣ የጥርስ ሐኪሙም የለም ዛሬ። እሱን ተዉት፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ ጊዜ ከጉዞው አንዲት ሴት ቀረች። ሆቴሉ ለሁለት ለሁለት ተይዟልና እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ጡረተኛ ብቻቸውን ሊያድሩ ሆነ። የቢሮው ባለቤት ስንት ዓመት የለፋሽልንን እንዴት እንመልሳለን ሲል የነበረ ሰው ነውና፣ በዚያች ሴት ቦታ እኔን አስገባኝ። እንዲህ ሆኜ ነው የተየብኩትን አገር ለማየት የሄድኩት።

እትዬ ጥሩወርቅ ዕድሜያቸውን አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ የጨረሱ ሴት ናቸው። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከወንድማቸው ከታደሰ ጋር ይኖራሉ። ባላቸው በጊዜ ሞተው፣ ልጃቸውን ዳንኤልን ያሳደገው ይሄ ወንድማቸው ነው፤ እሱም ሳያገባ ቀረ። አሁን ሳንባው ደክሞ አልጋ ላይ ነው። ጉዞውን ዳንኤል ነው ለጡረታቸው ያዘጋጀላቸው። ታደሰን ጥዬ አልሄድም ብለው ወራት ካስቸገሩ በኋላ፣ ራሱ ታደሰ ተቆጣቸው፤ "ሂጂ አንቺ ሴትዮ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስታዪኝ እኔ ነኝ የደከመኝ" ብሎ። ይህንን የነገሩኝ የመጀመሪያው ምሽት፣ እግራቸውን ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው እየሳቁ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ማክሰኞ፣ ቁርስ ላይ ጋሽ ሰይድ ሻዩን ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። አይጠጣውም፣ አያስቀምጠውም። ከዚያ በዓይኑ ጠርቶኝ ኮሪደር ላይ አወጣኝ። ታደሰ ሌሊቱን አርፏል። ዳንኤል ነው የደወለው። ቀብሩ ያው ዛሬውኑ ነው፤ አሁን ቢነሱም አይደርሱም። ዳንኤል እያለቀሰ የለመነው አንድ ነገር ነው፦ እንዳይነገራቸው። ደም ግፊት አለባቸው፤ ሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ ደግፎ የሚይዛቸው በሌለበት ቢወድቁስ? ጉዟቸውን ይጨርሱና፣ ሲመጡ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ባለበት፣ በወጉ መርዶው ይነገራቸዋል።

እንደኛ ያለ ሰው ይሄ አይገርመውም። ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። ጋሽ ሰይድም እሺ ብሎ ቃል ሰጠ። እኔን የፈለገኝ አብሬያቸው ስለማድር ነው፤ ስልካቸውን ጠብቂልኝ አለኝ። እኔም ጠበቅኩ። ማታ ወንድማቸውን ለማናገር ስልካቸውን ሲሰጡኝ ኔትወርኩ እምቢ አለ እላለሁ። አንድ ቀን ከዳንኤል ጋር ሲገናኙም ታደሰ መድኃኒት ወስዶ ተኝቷል፣ አይቀስቀስ አላቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ሁሉንም ያምናሉ። "እንቅልፍ ካገኘስ ተመስገን፣ እኔ እያለሁ አይተኛም ነበር" አሉኝና መብራቱን አጠፉ። እኔ ነኝ ዓይኔን ሳልከድን ያደርኩት።

ሐሙስ ገበያ ወጣን። ባንኮክ ገበያው ማለቂያ የለውም፣ ሙቀቱ ደግሞ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ሌላው ሰው ለራሱ ሲገዛ እትዬ ጥሩወርቅ የሚያዩት የወንድ ልብስ ብቻ ነው። ለስላሳ ነጠላ ጫማ ገዙለት፣ ሰፊ የሌሊት ልብስ ገዙለት። ከዚያ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ አነሱና ዞር ዞር ብለው አዩ። ጋሽ ሰይድን ጠሩት።

"አቶ ሰይድ፣ ትከሻዎ ልክ የታደሰ ነው። እስቲ ይልበሱልኝ።"

እኔ ሰበብ ፈልጎ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ጃኬቱን አውልቆ ለኔ ሰጠኝ፣ ሸሚዙን ለበሰ። እትዬ ጥሩወርቅ ቁልፍ ቁልፉን ዘጉለት፣ ኮሌታውን አስተካከሉ፣ ዞር ይበሉ አሉት፣ ዞረ። እጅዎን ይዘርጉ አሉት፣ ዘረጋ። እጅጌው ትንሽ ረዘመ፣ ግን አጥፎ ይለብሰዋል አሉ። ልብስ ሰፊ ቤት እንደቆመ ልጅ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከላይ ከተሰቀሉት ልብሶች ላይ ተክሎ ቆመ። እኔ ጃኬቱን አቅፌ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ የወንዝ ጀልባ ነበር፤ ባለፈው ቀን ዝናብ አስቀርቶብን ነው። ሰው ፎቶ ሲነሳ ጋሽ ሰይድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቡናማውን ውሃ እያየ የእናቱን ነገር ነገረኝ። ጅዳ እያለ እናቱ ሞቱ። ልጁ ሰው አገር ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ አይነገረው ተባለ። አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው ከሚሴ ሄዶ የሰማው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሚመጣ ሰው ሁሉ ሽቶ ይልካል፣ ሻሽ ይልካል፣ የእግር ማሻ ቅባት ይልካል። ደርሶናል፣ እናትህ ትመርቅሃለች እየተባለ መልስ ይመጣለታል። ቤት ገብቶ ሳጥኑ ሲከፈት የላከው ሁሉ እንደታሸገ ተደርድሮ አገኘው። ለሱ ሲሉ ነው ያደረጉት፤ ያውቃል፣ አልተቀየማቸውም። ግን፣ አለኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው እናትህ ደህና ናት ብሎ የነገረኝን ነገር በሙሉ ወደ ኋላ እየሄድኩ ስጠራጠር ነው የኖርኩት።

አርብ ወደ ኳላ ላምፑር በረርን። ሆቴል ስንደርስ ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አለኝ። ተው አልኩት። ቃል ሰጥተሃል፣ ቤተሰባቸው ከሰሰህ ማለት ከሥራህ ወጣህ ማለት ነው፣ አራት ቀን ነው የቀረን አልኩት። ደግሞ እውነቱን ልናገርና ለራሴም ፈርቻለሁ፤ ከጎናቸው የምተኛው እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ ሰምቶ ሰምቶ፣ "ሸሚዙን አወለቅኩት፣ ግን አልወለቀልኝም" አለኝ።

ያለ ጎረቤት መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ጎረቤት ሠራ። ገና ጎህ ሳይቀድ በየክፍሉ እየዞረ መንገደኛውን ቀሰቀሰ። አሥር ሰው ነን፤ ከመጣን ሳምንት አልሞላንም፤ የሚበዙት ከአውቶቡስ ላይ ሰላምታ ያለፈ የማይተዋወቁ ናቸው። እያንዳንዱን በር ላይ ቆሞ፣ ዛሬ ለእኚህ ሴትዮ የሰፈር ሰው ሁኑልኝ አላቸው። እሱ ሙስሊም ነውና በክርስቲያኑ ደንብ መርዶውን የሚናገር ትልቅ ሰው ፈለገ። የተገኙት አቶ ግርማ የሚባሉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ በጉዞው ሁሉ ሲያማርሩ የከረሙ ሰው። እኔ የመጣሁት ለመዝናናት ነው፣ ለቅሶ አገሬም ሞልቷል ብለው በሩን ዘጉበት። ጋሽ ሰይድ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ ቆይተው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ከዚያ እንግዳ መቀበያው ጋ ወረደ፣ እኔም ተከተልኩት። ሲነጋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰዎች ጮክ ብለው ያለቅሳሉ፣ የታመመ የለም፣ ጠብ የለም፣ ኀዘን ነው፣ እንዳትደነግጡ አለ በዚያች በጅዳ እንግሊዝኛው። ልጅቷ በትሕትና ሰማችውና እስክሪብቶ አነሳች። ለስንት ሰዓት ነው ብላ ጠየቀችው። ጋሽ ሰይድ አሰብ አደረገና፣ እስኪወጣላቸው አላት። እሷም ጻፈችው።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለጸሎት ቆመዋል። ሰው ተከታትሎ ሲገባ አዩን፣ የአቶ ግርማን ጥቁር ኮት አዩ። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም ነበር። አቶ ግርማ ግን በወጉ ተናገሩ፤ ድምፃቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟቸው። እትዬ ጥሩወርቅ አልጮኹም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቀኑን ጠየቁ። ማክሰኞ አላቸው ጋሽ ሰይድ። ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉት።

"ታዲያ ሸሚዙን ለምን ለበስክልኝ?"

"እህቴ፣ እምቢ ብል ይገባሻል ብዬ ነው" አለ።

እሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ያለ ድምፅ አለቀሱ። ፍራሹን መሬት አወረድነው፣ ዙሪያቸውን ተቀመጥን። የዚያ ከተማ አስጎብኚያችን፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ፣ አውቶቡሱን ይዛ መጥታ ነገሩን ስትሰማ አውቶቡሱን መለሰችና ከሰዓት በኋላ ሩዝና ምስር አሠርታ አመጣችልን። በቀሩት ቀናት ሰዉ ተራ በተራ ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል፣ ሳይቆይ ይመለሳል። አቶ ግርማ አንድም ቀን አልወጡም። ኳላ ላምፑርን ያየናት በመስኮት ነው፤ ዝናብ፣ ከዝናቡ ጀርባ ሁለት ረጃጅም ፎቆች።

ስንመለስ አውሮፕላኑ ላይ ጋሽ ሰይድ፣ እንደደረስን ለዳንኤል ቃሌን አፍርሻለሁ ብዬ እነግረዋለሁ አላቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ከለከሉት። ልጃቸው ሳምንት ሙሉ እንባውን ይዞ እሳቸውን ሲጠብቅ ነው የከረመው፤ ቀብሮም በወጉ አላለቀሰም ማለት ነው። ደግሞም ባንተ ላይ ይነሱብሃል አሉት። ያሰሩትን ጥቁር ሻሽ ፈትተው አጣጠፉትና ለኔ ሰጡኝ። ቦሌ ስንደርስ ዳንኤልን አቅፈው ሳሙት፣ መክሳቱን አይተው ተቆጡት። ማታ እራት ቀረበላቸው። ታደሰ ለምርመራ ሐኪም ቤት ተኝቷል ተባሉ፣ እሺ ብለው በሉ። በሉ እኮ።

በማግስቱ ማለዳ ዳንኤል አብራችሁ የከረማችሁ ናችሁና አትቅሩብን ብሎን፣ እኔና ጋሽ ሰይድ ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ቆመናል። በሩ ተከፈተ፣ ሰዉ ገባ። እንግዲህ ያወቁትን ሊሰሙ ነው፣ ያስመስላሉ ብዬ ነበር። የተሰማው ግን ከአንጀት የወጣ ጩኸት ነው፤ ኳላ ላምፑር ላይ ያልሰማሁት ጩኸት። ወንድሜ እያሉ ደረታቸውን ደቁ፣ ዳንኤል እግራቸው ሥር ተደፋ፣ የድሮ ጎረቤቶቻቸው ታደሰ ልጅ ሳለ ያደረገውን እያነሱ አስለቀሷቸው። ጋሽ ሰይድ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሙስበሃውን ሳያንቀሳቅስ ይዞ ያዳምጥ ነበር።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን።

"ልክ ነበሩ እኮ" አለኝ ጋሽ ሰይድ።

እነማን አልኩት።

"ቤተሰቦቻቸው። እዚያ እንዲህ አልወጣላቸውም። ሁለት ጊዜ ነው መርዶ ያሰማኋቸው።" ሙስበሃውን ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ "እኔ የነገርኳቸው ለሳቸው ብዬ ነው ወይስ ለራሴ?" አለኝ።

ታክሲው ጥቂት እንደሄደ ስዞር ራሱን መስኮቱ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ካዛንቺስ ስንደርስ አልቀሰቀስኩትም። ታክሲው መጨረሻው ድረስ ወሰደን፤ ሌላ ይዘን ተመለስን።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የመንገደኛ መመዝገቢያ ቅጹን ይዞ ወደ ሱቄ ወረደ። ከስም፣ ከፓስፖርት ቁጥርና ከጤና ሁኔታ በታች በእጁ አንድ መስመር ጨምሮበታል፤ ተይቢልኝ አለኝ። በጉዞ ላይ ሳሉ ቤትዎ ኀዘን ቢደርስ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ ወይ ይላል፤ ከፊቱ ባዶ ቦታ። የቢሮው ባለቤት ሰው ሊዝናና መጥቶ ሞት ታስሞላዋለህ እንዴ ብሎ ተጣላው። አንዳንዱ መንገደኛ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያማትባል፣ ብዙው ዘሎት ያልፋል። ጋሽ ሰይድ ግን ቅጹን መልሶ ፊታቸው ያስቀምጥና ይጠብቃል። ሻይ ያዝላቸዋል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ይጠብቃል። ሳይሞሉ የሄዱ አላየሁም።

የታደሰ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ቀን ያንን የቢሮውን ደረጃ እያረፉ እያረፉ ወጡ። ጉዞ ሊመዘገቡ ነው የመጡት። ጋሽ ሰይድ ደንግጦ ወዴት ነው አላቸው።

"ወዴት ይሆናል? ያቺን ሁለተኛዋን ከተማ አላየኋትም እኮ" አሉት።

ቅጹን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ መዝገብ ቤት እንደኖረ ሰው ፊደሉን እያስተካከሉ ሞሉት። ያቺ መስመር ጋ ሲደርሱ ጥቂት ቆም አሉ፣ ከዚያ ጻፉና ፈረሙ፤ ሻይም ሳይጠጡ ተሰናብተው ወረዱ። በሱቄ ሲያልፉ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ይዞ መጣና ማሽኑ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ኮፒ አለኝ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው የሚያናግረኝ። ባዶው ቦታ ላይ በዚያ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ፣ "ሰይድ እንዳየው ይሁን" ይላል። ሁለት አወጣሁለት። አንዱን ከዋናው ጋር ለቢሮ አስቀመጠው። ሌላውን ይዞ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን፣ ዛሬ ደክሞኛል ብሎኝ ወደ ቤቱ ሄደ።